ረቡዕ ዕለት የተበላው ዓሳ

እርጥብ ፉርሽካ ሲሸተኝ እጄ እስከ ዛሬ ነጠላ ፍለጋ ይሄዳል። ባለፈው ጥቅምት ወደ ጎረቤላ ስንጓዝ ሾፌሩ ጎማ ለማየት ሐይቁ ዳር አቆመ። አንድ ወጣት ከባልዲ በእፍኙ እየዘገነ ውኃው ላይ ሲበትን አየሁት። ነፋሱ ሽታውን ይዞት መኪናው ውስጥ ገባ። አጠገቤ የተቀመጡትን የማላውቃቸውን ሴትዮ ነጠላ ጨምድጄ መያዜን ያወቅሁት "ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?" ሲሉኝ ነው። አላመመኝም። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ያለፈው ጥቅምት ነው የመጣብኝ።

ሐይቅ ይባል እንጂ ግድብ ነው። ከደብረ ብርሃን ብዙም ሳይርቅ ለመስኖ ተብሎ ተገደበ፣ መስኖው ሳይሆን ሲቀር የከተማ ሰው መዝናኛ ሆነ። እኛ የመንደሩ ልጆች "ግድቡ" ስንል የኖርነውን፣ ቅዳሜና እሑድ የሚመጡት እንግዶች "ሐይቁ" ሲሉት እኛም ሐይቁ አልን። መስከረም ከጠባ ጀምሮ ግርግር ነው። የፋብሪካ ሠራተኞች በአይሱዙ ተጭነው እየዘፈኑ ይመጣሉ። የዩኒቨርሲቲ አስተማሪዎች ከነቤተሰባቸው ሣሩ ላይ ይቀመጣሉ። ሙሽሮች ፎቶ ሊነሡ ይመጡና፣ ክንዷ የተራቆተው ሙሽራ በዚያ ብርድ ጥርሷ እየተንገጫገጨ "ሳቂ እንጂ!" ትባላለች። እኛ ከዳር ቆመን ስናይ፣ ሙሽራዋ የምትንቀጠቀጠው ባሏን ፈርታ ይመስለን ነበር።

ጀልባዎቹና የቆርቆሮው ሻይ ቤት የጋሽ በላቸው ነበሩ። ጋሽ በላቸው ክፉ ሰው አልነበረም። ሲፈራ ግን የሚጮህ ሰው ነበር፣ ጩኸቱም ከጄኔሬተሩ በላይ ይሰማል።

እኔ የምኖረው ከአያቴ ጋር ነበር። እናቴ ፋብሪካ በፈረቃ ስለምትሠራ ከተማ ቤት ተከራይታ፣ እኔን ለአባቷ ትታኝ ነበር። አያቴ ቄስ አምሃ ከሐይቁ በላይ ባለችው ኮረብታ ላይ በምትገኘው ቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉ። የመንደሩ ሰው አብዛኛው የንስሐ ልጃቸው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር የሚወዱ ሰው ነበሩ። ስሜን ትዕግሥት ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው፤ ያላቸውን ሰጥተውኝ እንዳይመስላችሁ፣ እሳቸውም አልነበራቸውም።

ከእሳቸው ጋር ነገር የሚገጥመው ዓሳ አጥማጁ ጋሽ ንጉሴ ነበር። ከዝዋይ የመጣ፣ ግድቡ ውስጥ ዓሳ መኖሩን ሰምቶ መረቡን በጆንያ ተሸክሞ መንደራችን የገባ ሰው ነው። እኛ አገር ሥጋ ማለት በግ ነው። ዓሳ የሚበላ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። እሱ የሚያጠምደውን በባጃጅ ወደ ከተማ ይልካል፣ የተረፈውን ጋሽ በላቸው እየጠበሰ ለእንግዶች ይሸጣል። በዚያ ዓመት ሚስቱ እትዬ አስቴር ወልዳ አራስ ቤት ነበረች። ቤታቸው ከእኛ አጥር ጀርባ ስለሆነ የሕፃኑን ለቅሶ ከመኝታዬ እሰማው ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አያቴ አጥሩ ላይ ክርናቸውን ያስደግፋሉ።

"አንተ ንጉሴ፣ እዚያ ሻይ ቤት 'የጾም ዓሳ አለ' የሚል ሰሌዳ አየሁ። የአንተ ሥራ ነው?"

"የበላቸው ነው አባ። ግን እኮ ዓሳ ደም የለውም ይላሉ።"

"ደም የለውም? ታዲያ ትናንት ሱሪህ ላይ የፈሰሰው ምንድን ነው፣ ቀይ ወጥ ነው?"

ጋሽ ንጉሴ ይስቃል። "አንድ ቀን ቢቀምሱት እንዲህ አይሉም ነበር።"

"እኔ? በፍስክም አልነካው! ዓይኑን ሳይከድን የሞተ ነገር!"

ወሩ ወርኃ ጽጌ ነበር። የጽጌ ጾም የፈቃድ ነው፣ የሚጾመውም የማይጾመውም አለ። አያቴ ግን ይጾሙታል። በዓመቱ ውስጥ እንደ ማኅሌተ ጽጌ የሚወዱት ነገር አልነበረም። ገና ነሐሴ ላይ በጓሮ ሲመላለሱ ዜማውን ለራሳቸው ማንጎራጎር ይጀምራሉ። እኔ ጾሙን የገደፈ ሰው ድምፁ የሚጠፋ ይመስለኝ ነበር። ማን እንደነገረኝ አላውቅም፣ ምናልባት ራሴው ፈጥሬው ይሆናል።

ጋሽ ንጉሴን ልጆች እንወደው ነበር። መረቡን ሲጠግን ከበነው እንቀመጣለን፣ እሱም የውኃውን ጠባይ ያወራልናል። መስከረም ላይ ውኃው በጎርፍ ደፍርሶ ሻይ በወተት ሲመስል ዓሳው መረቡን ስለማያየው ዘው ይላል። ጥቅምት ሲገባ ውኃው ይጠራል፣ ውርጩ ይመጣል፣ ዓሳውም ወደ ታች ወርዶ ይተኛል። "ያኔ ነው ጉዱ" ይለናል፣ ጉዱ ምን እንደሆነ ግን አይነግረንም። አንድ ቀን ደግሞ ቆላ ስላለ ወንዝ አወራን። እዚያ ሰዎች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውኃ ውስጥ ይበትናሉ፣ ዓሳው ይሰክርና እየተንሳፈፈ ይወጣል፣ በእጅ ይለቀማል። እንደ ተረት ነው የነገረን። እኛም እንደ ተረት ወደየቤታችን ይዘነው ገባን፣ እራት ላይ አወራነው። ስለዚህ በዚያ ሳምንት መንደሩ በሙሉ ንጉሴ የብርብራን ነገር እንደሚያውቅ አወቀ።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ጋሽ ንጉሴን ከማዶ ቄጠማው አጠገብ አየሁት። ብቻውን ነው። ከጆንያ አንድ ነገር እየዘገነ ውኃው ላይ ይበትናል። ነጣ ያለ ዱቄት ነገር ነው። በተነና ቆሞ ውኃውን አየ፣ ደግሞ በተነ። ልጠራው አፌን ከፍቼ ነበር፣ ግን የብርብራው ወሬ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። ቤት ገብቼም ለማንም አልተናገርኩም።

ረቡዕ ጠዋት ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ነበር። ነፋስ የለም። "ዓሳው ወጣ! ዓሳው ወጣ!" የሚል የልጆች ጩኸት ሰማሁና ደብተሬን ጥዬ ሮጥኩ። እውነትም ወጥቷል። ከዳር እስከ ዳር ዓሳው አፉን ከውኃው በላይ አውጥቶ ይከፍታል ይዘጋል፣ ይከፍታል ይዘጋል። ድምፅ ሳይሰማ እግዚኦታ የሚያደርሱ ነበር የሚመስሉት። ልጆች ጉልበታቸው ድረስ ገብተው በእጃቸው እየያዙ ወደ ዳር ይወረውራሉ። ውኃው የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ለትንሽ ጊዜ ሁላችንም በደስታ አበድን፣ እኔም አንዱን ጭራውን ይዤ ጎትቼ አውጥቻለሁ።

ከዚያ እትዬ ዘነበች እየጮኹ መጡ። እትዬ ዘነበች ባል የሞተባቸው፣ ከጥቂት በጎቻቸው ሌላ ምንም የሌላቸው ሴት ነበሩ። ሁለቱ በጎቻቸው ውኃው ዳር ሆዳቸው ተነፍቶ ሞተው ተገኝተዋል።

ጋሽ በላቸው በጎቹን አየ፣ ዓሳውን አየ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

"ልጆች ውጡ! ውጡ ብያለሁ! ውኃው ተመርዟል!"

ደስታው እንደ መብራት ነው የጠፋው። እናቶች እየሮጡ መጥተው ልጆቻቸውን በክንዳቸው ጎተቱ። "ብርብራ ነው" አለ አንድ ሰው። ማን እንዳለው አላውቅም፣ ወዲያው ግን ሁሉም ሰው ያለው ይመስል ነበር። "ብርብራ ነው። ዓሳው አልያዝልህ ሲለው በትኖት ነው።" ጋሽ ንጉሴ ከጩኸቱ የተነሣ መረቡን እንደተሸከመ ከቤቱ ሲመጣ አገኙት። ሁለት ወጣቶች መረቡን ነጥቀው መሬት ላይ ጣሉት።

"ይሄን ውኃ ከብቱ ይጠጣዋል፣ ልጆቻችን ይጠጡታል" አለ ጋሽ በላቸው እየጮኸ። "ዛሬውኑ ሚስትህንና ልጅህን ይዘህ ከዚህ ትወጣለህ። ካልወጣህ ቤትህን እናቃጥለዋለን።"

"አራስ ናት እኮ! በዚህ ውርጭ የት ይዣት ልሂድ? በላቸው፣ እኔና አንተ አብረን አይደለም እንዴ የምንሠራው?"

"አብረን? እኔን ልታስበላኝ ነው አብረን?"

አንዱ ዱላ ሲያነሣ አየሁ። ኮረብታውን ሮጬ ወጣሁ። አያቴ ከደጀ ሰላሙ በር ላይ ነበሩ። የተናገርኩትን በቅጡ የሰሙኝ አይመስለኝም፣ ጩኸቱ ግን እዚያ ድረስ ይሰማ ነበርና መቋሚያቸውን ይዘው ወረዱ። እኔ የነጠላቸውን ጫፍ ይዤ ከኋላ።

ሰው መንገድ ከፈተላቸው። አያቴ በጎቹን አዩ፣ ዱላውን አዩ፣ ጋሽ ንጉሴን አዩ። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ይደማል።

"በትነሃል?"

"አልበተንኩም አባ። በልጄ ይዣለሁ። ዓሳውን አምጡት፣ እዚሁ ፊታችሁ ልብላ!"

"እሱ ቢበላ ምን ይሆናል!" አለ ጋሽ በላቸው። "ማርከሻውን ያውቃል። የሚመርዝ ሰው ማርከሻ አያጣም።"

ሕዝቡ በዚህ ተስማማ። እውነት ነው፣ ማርከሻ ያውቃል፣ ዝዋዮች ያውቃሉ፣ ተባለ። ጋሽ ንጉሴ ምንም ቢያደርግ ምንም ቢናገር እንደማይጠቅመው ያኔ የገባው ይመስለኛል፣ ዓይኑ ወደ ቤቱ ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ ሄደ።

አያቴ መቋሚያቸውን መሬት ተከሉና፣ "እኔ ማርከሻ አላውቅም" አሉ።

በመቋሚያቸው ወደ ውኃው ጠቆሙ።

"ከሚንሳፈፈው አንዱን አውጡ። ጥበሱት። እኔ እበላዋለሁ።"

"አባ!" አለ ጋሽ በላቸው። "ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው!"

"ረቡዕ መሆኑን አንተ ነህ ለእኔ የምትነግረኝ?"

የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሰበሰበ፣ እሳት ተነደደ። አንድ ትልቅ ዓሳ ፍሙ ላይ ተጣለ። እኔ ያን ጊዜ ነው የፈነዳሁት።

"አባባ አይብሉ! ዱቄት ሲበትን አይቼዋለሁ! ትናንት ማታ! ከማዶ!"

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ወደ ጋሽ ንጉሴ ዞረ። ዱላው እንደገና ከፍ አለ። አያቴ እጃቸውን አነሡና፣ "ምንድን ነው የበተንከው?" አሉት፣ ቀስ ብለው።

"ፉርሽካ ነው። ዓሳው ሲተኛ ለመሰብሰብ ነው የምበትነው፣ በየዓመቱ ነው የምበትነው። ጆንያው ያው፣ መረብ የምጥልባት ጀልባ ውስጥ አለ።"

ጆንያውን አምጥተው እግራችን ሥር ገለበጡት። ውኃ የነካው ፉርሽካ ተዘረገፈ፣ ጎምዘዝ ያለው ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ከበጎቻችን ገንዳ የማውቀው ሽታ ነው። "ከፉርሽካው ጋር ደባልቆታል" አለ አንዱ። አያቴ አንድ እፍኝ አንሥተው አሸተቱ፣ በጣታቸው ፈተጉት። ምን እንዳሰቡ ከፊታቸው ማወቅ አልቻልኩም። እፍኙን መልሰው በተኑና እሳቱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"በስሏል? አምጡ።"

ነጠላቸውን ጎተትኩ፣ ጎተትኩ። በግራ እጃቸው ጭንቅላቴን ይዘው ወደ ጎናቸው አስጠጉኝ። በቀኝ እጃቸው ከዓሳው ቆርሰው አማተቡ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ጎረሱ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም መግለጽ ያቅተኛል። አያቴ ዓይኔ እያየ እየሞቱ ነበር የመሰለኝ። ደግመው ጎረሱ። በሦስተኛው ጉርሻ ላይ ዓይናቸው ፈጠጠ።

አያቴ በግ አገር ተወልደው ያረጁ ሰው ናቸው። ለእሳቸው አጥንት ማለት በእጅ ተይዞ የሚጋጥ ነገር ነው። ሥጋ ውስጥ እንደ መርፌ የተሰካ አጥንት ይኖራል ብለው አላሰቡም፣ እኛም ከመካከላችን አንዳችን አላሰብንም። እንደ በግ ጥብስ በሙሉ አፋቸው ጎርሰው ሊውጡት ሲሉ ጉሮሯቸው ላይ ተሰካ። ጉሮሯቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ፊታቸው ጠቆረ። መሳል ጀመሩ፣ ሳሉ፣ ሳሉ፣ ድምፃቸው ጠፋ።

"ገደላቸው!" አለች አንዲት ሴት። "አባን ገደላቸው!"

ሕዝቡ እንዳለ ጋሽ ንጉሴ ላይ ወረደ። ዱላው ትከሻው ላይ ሲያርፍ ሰማሁት። እኔ አያቴን አጥብቄ ይዤ እጮሃለሁ። ጋሽ ንጉሴ ግን የሚመታውን ሰው ትቶ፣ ከሥራቸው እንደምንም አምልጦ፣ በጉልበቱና በእጁ እየዳኸ ወደ እኛ መጣ።

"አጥንት ነው! አጥንት ነው እኮ! ቂጣ! ቂጣ ስጡኝ!"

ማንም አልተነቃነቀም። ለበጎቻቸው እያለቀሱ የነበሩት እትዬ ዘነበች ብቻ ከመቀነታቸው ሥር ደረቅ ቂጣ አወጡና ወረወሩለት። ጋሽ ንጉሴ ሳያደቅ ጠቅልሎ፣ በዚያ ፉርሽካ በነካው እጁ፣ አያቴ አፍ ውስጥ ከተተው። "ሳያኝኩ ይዋጡት አባ፣ ሳያኝኩ!" አያቴ ዋጡ። ዓይናቸው እንባ አቆረ። አንዴ ደግመው ዋጡ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ስበው እጃቸውን ከጉሮሯቸው አወረዱ።

እሳቱ ሲንጣጣ ይሰማል።

"አንተ ንጉሴ" አሉ አያቴ፣ ድምፃቸው ሻክሮ። "ይሄን መርፌ ነው ስትለምነኝ የኖርከው?"

አንድ ሰው ሳቀ። ከፍርሃት የመጣ ሳቅ ነው፣ ወዲያው ቆመ። ምክንያቱም ገና ነበር። መርዝ ከሆነ ጊዜ ይፈልጋል። አያቴም ይህን ያውቁ ነበርና ከድንጋዩ አልተነሡም። "እዚሁ እቆያለሁ፣ ሁላችሁም እዩኝ" አሉ። ጋሽ ንጉሴን አጠገባቸው አስቀመጡት፣ ማንም እንዳይነካው። ፀሐይዋ ዞረች። ሰዉ ራቅ ብሎ ቁጭ አለ፣ ወደ ሥራው የሄደም ተመልሶ መጣ። እኔ እያንዳንዱን ትንፋሻቸውን አዳምጥ ነበር፣ ሲያስነጥሱ ነጠላቸውን ጨምድጄ ያዝኩ። እትዬ አስቴር ሕፃኑን አቅፋ ከበሯ ላይ ቆማ ቀኑን ሙሉ ወደ እኛ ስታይ ዋለች።

ከሰዓት በኋላ የእትዬ ዘነበች ጎረቤት መጥቶ፣ በጎቹ ጎህ ሲቀድ ውርጩ ሳይሟሟ የባቄላ ማሳው ውስጥ ገብተው ሲግጡ እንደነበር ተናገረ። የባቄላ እርጥብ በግ እንደሚነፋ የማያውቅ ሰው መካከላችን አልነበረም። ሁሉም ያውቅ ነበር። ያን ጠዋት ግን ማንም አላስታወሰውም። ከቀናት በኋላ ከዩኒቨርሲቲው የመጡ ሰዎች ስለ ዓሳውም ነገሩን፦ ውርጩ የላዩን ውኃ ሲያቀዘቅዘው ወደ ታች ይወርዳል፣ የታቹ የሸተተ ውኃ ወደ ላይ ይወጣል፣ ዓሳውም አየር ያጥረዋል።

ፀሐይ ስትጠልቅ አያቴ ተነሡ። ጉልበታቸውን እያሻሹ፣ ደህና ሆነው ተነሡ። ጋሽ በላቸው መጥቶ ጉልበታቸው ላይ ሊወድቅ ሲል፣ "ለእኔ አይደለም፣ ለእሱ" ብለው በመቋሚያቸው ወደ ጋሽ ንጉሴ አመለከቱት። ጋሽ በላቸው ዞረ። ጎንበስ ብሎ የተጣለውን መረብ ከመሬት አነሣና ፉርሽካውን እያራገፈ ያጥፈው ጀመር።

በሚቀጥለው እሑድ አያቴ ቤተ መቅደስ አልገቡም። ለንስሐ አባታቸው ሄደው ተናግረዋል፣ ቀኖና ተሰጥቷቸዋል። እስከ ጽጌ ፍጻሜ አይቀድሱም፣ ማኅሌት አይቆሙም። እኔ ያኔ ይህን አላውቅም ነበር። ውጭ ዛፉ ሥር ከምእመናን ጋር ሲቆሙ ሳይ ከሥራቸው የተባረሩ መሰለኝ፣ ሰው እንዳያየኝ እያልኩ አለቀስኩ። ከውስጥ ዜማው ሲሰማ የአያቴ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አያወጡም። ጾም የገደፈ ሰው ድምፁ ይጠፋል ያልኩት እውነት ነው ብዬ ደነገጥኩ።

ቅዳሴው አጋማሽ ላይ ጋሽ ንጉሴ መጣ። እዚያ ቤተ ክርስቲያን አይቼው አላውቅም ነበር፣ ዓሳ ትሸታለህ እያሉ ስለሚሸሹት ይቀራል። ያለችውን አንድ ኮት ለብሶ አያቴ አጠገብ ቆመ። ያን ዕለት ማንም አልሸሸውም።

ቅዳሴው ሲያልቅ ሦስታችን አብረን ወረድን። መንገድ ላይ አላስችል ቢለኝ ጠየቅሁ።

"አባባ፣ ያን ጉርሻ ሲያነሡ እጅዎ ለምን ተንቀጠቀጠ? ብርድ ነው?"

"ብርድም ነበር።"

"መርዝ እንደሌለው ያውቁ አልነበር?"

"ከየት አውቄው?" አሉ። "ዓሳ መች አውቃለሁ እኔ? ፈርቼ ነው እንጂ።"

ጋሽ ንጉሴ መንገዱ መካከል ቆመ። ፉርሽካውን አሽትተው፣ ፈትገው፣ አውቀው የበሉ መስሎት ነበር። ያን ሁሉ ቀን እንደዚያ ነበር ያሰበው። ፊቱን አዞረ። እኔ የአያቴን ነጠላ አንዱን ጫፍ ይዤ ነበር። ሌላውን ጫፍ እሱ አነሣና ዓይኑ ላይ አደረገው፣ ትልቅ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። አያቴ እስኪበቃው ቆሙለት። ያ ነጠላ እስኪታጠብ ድረስ ፉርሽካ ይሸት ነበር።